ከዌልስ የመጡት ሦስቱ ሙዚቀኞች

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ፣ አሜሪካ ኦክላንድ ስንኖር፣ አንድ የዌልስ ሮክ ባንድ ልቤን ወስዶት ነበር። ዌልስ የት እንደሆነች እንኳ በቅጡ አላውቅም ነበር። ካሴታቸውን ያዋሰችኝ የክፍሌ ልጅ ማሪሶል ናት። ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ ፕላስቲኩ ሞቆ እስኪሸት ድረስ እያገላበጥኩ እሰማዋለሁ። እናቴ በበሩ ስታልፍ "ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?" ትለኛለች። ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ብቻ ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴም ሙዚቀኛ ነበር። አዘቦት ቀን ከኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል፤ ቅዳሜና እሁድ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በሐበሻ ሠርግ ላይ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ዘፋኙ ጋሽ ተፈራ ነበሩ፤ እሳቸውና አባቴ ከሱዳን ስደት ጀምሮ ተለያይተው አያውቁም። ጋሽ ተፈራ በድንገት ልባቸው ቆሞ ሲያርፉ ባንዱም አብሯቸው የተቀበረ መሰለ። አባቴ ቤዙን ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ ከቁም ሣጥን ጀርባ አቆመው። ሠርግ ያላቸው ሰዎች ሲደውሉ "ይቅርታ፣ እኛ ትተነዋል" ይላቸዋል። እናቴ "የሞተ ተጎዳ፤ አንተ እጅህን ማን አሰረብህ?" ስትለው ተነስቶ ይወጣል። ዓመት ሙሉ እቤታችን ከእኔ ካሴት በቀር ሙዚቃ አልተሰማም።

አንድ ቀን ማሪሶል ወሬ ይዛ መጣች። ባንዱ አሜሪካን እየዞረ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሳን ሆዜ፣ መናፈሻ ውስጥ ይጫወታል። ደግሞም ጊታር ተጫዋቻቸው ሞቶባቸዋል አለችኝ። አራት የነበሩት ሦስት ሆነው ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው፤ ይበተኑ ይቀጥሉ በዚህ ጉዞ ነው የሚለየው። እሷ የወንድሟ ክርስትና ስለነበር መምጣት አልቻለችም። እናቴ ቅዳሜ ሥራ ናት። የቀረኝ አባቴ ነው።

"ፕሊስ አባዬ፣ ጀስት ዋን ታይም" አልኩት።

"በአማርኛ ለምኚኝ" አለኝ።

እየተኮላተፍኩ በአማርኛ ለመንኩት። ሳቀና ቁልፉን አነሳ። ስለ ሞተው ሰው ግን አልነገርኩትም፤ ፈርቼ።

መናፈሻው ውስጥ የታጨደ ሣርና የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል። ሰዉ ከሃምሳ አይበልጥም፤ ብርድ ልብስ አንጥፎ ተቀምጧል። ሦስቱ ልጆች ወደ መድረክ ሲወጡ ከካሴቱ ፎቶ ይልቅ ከስተው ታዩኝ። ድምፃዊው መሀል፣ ቤዝ ተጫዋቹ በቀኝ፣ ድራመሩ ከኋላ። በግራ በኩል አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ባዶውን ቀርቷል። የመጀመሪያውን ዘፈን እንደምንም ተወጡት። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ግን ጊታሩ ብቻውን የሚገባበት ቦታ አለ፤ እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ። እዚያ ሲደርሱ ድምፃዊው እንደ ልማዱ ወደ ግራው ዞረ። ማንም የለም። አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ዘፈኑም ቆመ።

ከኋላችን አንዱ አፏጨ። ሁለት ሦስት ሰዎች ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ተነሱ። አባቴ "በይ እንሂድ" ሊለኝ ነው ብዬ ፊቴ ጋለ።

"አንድ ሰው ጎድሏቸዋል፣ አይደል?" አለኝ።

"ሞቷል" አልኩት።

አባቴ ተነሳና እስከ መድረኩ ሥር ሄዶ ማጨብጨብ ጀመረ። ዝም ብሎ ጭብጨባ አልነበረም፤ የዘፈኑን ምት ነበር የሚያጨበጭበው፣ አንድም ሳይስት። ለካስ ዓመት ሙሉ ካሴቴን በግድግዳ በኩል ሲሰማው ኖሯል! ቤዝ ተጫዋቹ ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ጣቶቹን ከአባቴ ጭብጨባ ጋር አስማምቶ መጫወት ጀመረ። እኔም ሮጬ አባቴ ጎን ቆሜ አጨበጨብኩ። ሌላውም ሰው ተከተለን። ጊታሩ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ቤዙ ብቻውን ተሻገረው፤ ድምፃዊው ዓይኑን ጨፍኖ ዘፈነ። ከዚያ በኋላ አልቆሙም።

ሲጨርሱ ቤዝ ተጫዋቹ ወርዶ አባቴን ጨበጠው። አባቴ በዚያ በኤርፖርት እንግሊዝኛው፣ እኔም ቤዝ ተጫዋች ነኝ አለው። ልጁ የት እንደሚጫወት ጠየቀው። አባቴ "ኦክላንድ፣ ዊዝ ማይ ፍሬንድስ" አለ።

መኪና ውስጥ ገብተን፣ መንገዳችን ላይ ያለችውን የሄይዋርድን ከተማ እስክናልፍ ድረስ ታገስኩ። ከዚያ "አባዬ፣ ዩ ላይድ ቱ ሂም" አልኩት።

"አዎ ዋሸሁት" አለ፣ መንገዱን እያየ። "እንግዲህ እውነት ማድረግ ነዋ።"

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ለሁለቱ ጓደኞቹ ደወለላቸው። በወሩ ሳን ሆዜ አንድ ሠርግ ላይ ሦስት ሆነው ተጫወቱ። አባቴ ራሱ ዘፈነ፤ ድምፁ እንኳ ለዘፈን አልተፈጠረም። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ቃሉ ጠፍቶበት ዝም ሲል የሙሽራዋ አክስቶች በእልልታ ሞሉለት፤ እናቴ እያለቀሰች እስክስታ ወረደች። ዌልሶቹም አልተበተኑም። በሁለተኛው ዓመት ሲመለሱ በትልቅ አዳራሽ ነበር፤ እኔና አባቴ ከሩቅ ቆመን፣ በሰው ትከሻ መሀል ነው ያየናቸው።

አሁን ማውንቴን ቪው ነው የምሠራው። ልጆቼ ኮንሰርት ሲሄዱ ከመድረኩ ይልቅ ስልካቸውን ያያሉ፤ ሁሉም ነገር ይቀረጻል፣ ሁሉም ይቀመጣል። ያንን ቅዳሜ የቀረጸው ሰው ግን የለም፤ ስንት ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አጣሁት። ያለው በእኔና በአባቴ ራስ ውስጥ ብቻ ነው፤ የሁለታችን ትዝታም አይገጥምም። እሱ ሰባት ዘፈን ተጫወቱ ይላል፣ እኔ አምስት። እሱ ነፋስ ነበረ ይላል፣ እኔ ፀሐይ። ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ ነገሩ እንደገና ሲነሳ "አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ?" ብሎ ተቆጣኝ። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቁጣው ገና አልደከመም። እኔም አልተሸነፍኩለትም፤ በሚመጣው እሁድ እንቀጥላለን።