አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅኋቸው

አባቴ መርሳ ላይ ሲታመሙ እኔ ወልድያ ተቀምጬ የሰርቨር ኔትወርክ ካርድ አፋጥን ነበር። መንገዱ በሚኒባስ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይህን ስጽፍ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

መሥሪያ ቤታችን አዲስ ሰርቨር ገዝቶ፣ ትልልቅ የካርታ ፋይሎችን ቶሎ ቶሎ እንዲያስተላልፍ የማድረጉ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። ሰርቨሩ የሚሠራበት ሊኑክስ ሲስተም ላይ ቁጭ ብዬ የካርዱን መቀበያ ቋት አሰፋሁ፤ ካርዱ የሚያመጣውንም ሥራ ለፕሮሰሰሩ ኮሮች ሁሉ አከፋፈልኩ። በመጨረሻ ፋይሉ ተቆራርጦ የሚጓዝበት እያንዳንዱ ፓኬት ብዙ ዳታ እንዲሸከም፣ በላኪውም በተቀባዩም ማሽን መጠኑን ስድስት እጥፍ አደረግሁት። መስመሩ መሥራቱን የምትፈትሸውን ትንሽ መልእክት፣ ፒንግ ላክሁ፤ ወዲያው መለሰልኝ። «በቃ፣ ደህና ነው» አልኩ። ፋይሎቹ ግን ተገትረው ቀሩ። ሦስት ቀን ሙሉ ኬብል ስቀይርና ካርዱን ስረግም ከረምኩ።

አባባ በየቀኑ ዙህር ሰግደው ይደውሉልኛል።

«እንዴት ዋሉ አባባ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

እኔም ወደ ሥራዬ። መርሳ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ እኮ! እኛ ዘንድ ሽማግሌ አልጋ ላይ ወድቆም ቢሆን መጀመሪያ አላህን ያመሰግናል፤ ሕመሙን የሚናገረው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጠየቅ ነው።

በሦስተኛው ቀን ድምፄ አላምር ብሏቸው ነው መሰል፣ «ሥራሽስ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው።»

«ደህና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እስቲ የምሩን ንገሪኝ፣ ልጄ።»

አለቀስኩ። ሥራው እንቢ እንዳለኝ፣ እንደደከመኝ ነገርኳቸው።

«አይዞሽ፣ አላህ ያግራልሽ» አሉኝ።

በማግስቱ ሙሉ ሸክም ያለው ፒንግ ላክሁ። መልስ የለም። ያ የመጀመሪያው ያለፈው ትንሽ ስለነበረ ነው፤ መሀል ላይ ሁለቱን ማሽኖች የሚያገናኘው ስዊች ትልቁን ፓኬት አይቀበልም ነበር። ስዊቹን አስተካከልኩ፤ ፋይሎቹ ይጎርፉ ጀመር። አባባን ላበሥራቸው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ታላቅ ወንድሜ ነው። «እህቴ፣ ነይ» ሲለኝ ገባኝ።

አባባ ንጋት ላይ አርፈው ኖሮ፣ መርሳ ስደርስ ቀብረው ተመልሰዋል። ወንድሜን ለምን እንዳልነገረኝ ጮኼ ጠየቅሁት።

«ሥራዋን እንዳታስፈታት ብለው አስማሉኝ» አለኝ። «ከተኙ ሁለት ሳምንታቸው ነበር። ሊደውሉልሽ ሲሉ ቀና አድርገኝ ይሉና ውኃ ተጎንጭተው ጉሮሯቸውን ይጠራርጉ ነበር።»

እሳቸው እኔን ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። እኔ እሳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ።