ኮባው ከታሰረ በኋላ

ቦዲቲ ገበያ ተመላልሶ ሐመልማልን አላውቃትም የሚል ሰው ደህና ቅቤ ገዝቶ አያውቅም ማለት ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇ ሰነፈ።

ሶዶ ስትታከም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ናኦል ጣቶቿ መጨበጥ እንዲለምዱ ብሎ ቼዝ አስተማራት። እሱ የዩኒቨርሲቲ ዋንጫ የወሰደ ተጫዋች ነው፤ እሷ ፈረስ ወዴት እንደሚዘል ለማስታወስ እንኳ ትቸገራለች። ቤቷ ከገባች በኋላም በየቤታቸው ሰሌዳ ዘርግተው በስልክ መልእክት መጫወታቸውን ቀጠሉ። ሁሌም ትሸነፋለች፤ ሁሌም «ሌላ ጀምር» ትለዋለች። ድርቅናም የሚወደድበት ጊዜ አለ።

ልጇ ትህትና ግን ሰጋች። «እማዬ፣ በቃ እረፊ። የገበያ መደብሽን አጠገብሽ ለምትሸጠው ለአያልነሽ እንስጣት።»

«የአሁኑን ጨዋታ ከተሸነፍኩ ስጪ። ካልተሸነፍኩ መደቤን እንዳትነኪብኝ። ለናኦልም እንዳትነግሪው፤ ያዝንልኛል።»

ትህትና የናኦልን ጉብዝና ስለምታውቅ ቶሎ እሺ አለች።

ጨዋታው ደህና ሲሄድ ቆይቶ የሐመልማል ጣት ተንቀጠቀጠና ያላሰበችውን እርምጃ ላከች። ንግሥቷ ያለ ጠባቂ ቀረች። ናኦል ወዲያው ደወለ።

«እማማ፣ ተሳስተው ነው መሰለኝ። ይመልሱት።»

መመለሱ እንዴት አማራት! ግን በቅቤ ተራ ቅቤው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ኮባው ከታሰረ፣ ሻጭም ገዢም ቃሉን አያጥፍም።

«ኮባው ከታሰረ በኋላ ይፈታል እንዴ ልጄ? ብላት።»

በላት። ከዚያማ ከንጉሧና ከአንዲት ወታደር በቀር ሌሎቹም ተራ በተራ አለቁ። ትህትናን ሰሌዳውን ስታይ እናቷ አሳዘነቻት። ሐመልማል ግን እጅ አልሰጠችም፤ ንጉሧን ይዛ ከጥግ ጥግ ተንከራተተች። አንድ ቀን ናኦል በሥራ መሀል ሆኖ የቀረቻትን አንዲት ወታደር በላ።

ሐመልማል ሰሌዳውን ደጋግማ አየች። ንጉሧን የሚያጠቃው የለም፤ ፈቀቅ የሚልበትም ቦታ የለም። እንዲህ ሲሆን ማንም አላሸነፈም ብሎ ያስተማራት ራሱ ናኦል ነው። ደወለችለት።

«ንጉሤ መላወሻ የለውም። የነካውም የለም።»

ናኦል ጨዋታውን በሐሳቡ መልሶ አየው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

«ውይ እማማ፣ ሳላይ ነው። ልመልሰው?»

ያን ጊዜ ልቧ አረፈ። አዝኖላት ሆን ብሎ ያደረገው ቢሆን ልመልሰው አይልም ነበር።

«ኮባው ታስሯል» አለችው።

ሳቀ። «እሺ፣ እኩል ነን።»

ትህትና አጠገቧ ቆማ ስትሰማ ነበር። ሄዳ የእናቷን ሚዛን ከአልጋ ሥር አወጣችና አቧራውን ትጠርግ ጀመር።