በካፖርቱ ኪስ የቀረው ፎቶ

ዛሬ መካኒሳ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እሑድ የባለቤቴ ሙት ዓመት ነው። ፎቶውን በትልቁ ላሳጥብ ላፕቶፑን ይዤ ሄድኩ። ፎቶ ማደራጃው ፕሮግራም ላይ ፊቱ ይታያል፤ ሲከፍቱት ግን «ፋይሉ አልተገኘም» ይላል።

«እማማ፣ እዚህ ያለችው ጥፍር የምታክል ምስል ብቻ ናት፤ ዋናው ፎቶ ፍላሽ ላይ ነው» አለችኝ ባለሙያዋ።

ፍላሹ ከካፖርቱ የደረት ኪስ አይወጣም ነበር። (ሁሉን ኪሱ ይከታል፤ መሀረብ ብቻ ይረሳል።)

ካፖርቱን ከአርባው በኋላ፣ እንደ ወጉ፣ ለነዳያን ሰጠሁ። የላላ ቁልፉን ሰፍቼ፣ በብሩሽ አጽድቼ። ኪሱ ውስጥ እጄን ማስገባት ግን አልሆነልኝም።

እናንተስ የሟቻችሁን ልብስ ስትሰጡ ኪሱን መፈተሽ ቻላችሁ? ጻፉልኝ።

ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ካያችሁ፣ ይሙቀው፤ ኪሱን ብቻ ይይልኝ።