አውሮፕላኗን የመዘንንባት ጧት

ትእዛዙ የደረሰን ከጧቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። «አውሮፕላኗን ባዶ አድርጋችሁ መዝኗት። ሦስት ሰዓት ላይ ትነሳለች።» ሌላ ቃል አልነበረውም።

ጦር ሜዳ ነበርኩ ስል የዛሬ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስንት ሰው እንደገደልኩ ነው። አንድም ጥይት አልተኮስኩም። ዛሬ ደብረ ታቦር ውስጥ ባጃጅ እጠግናለሁ፤ ያኔ ከግንባሩ በስተጀርባ ባለ አቧራማ ሜዳ ላይ የአውሮፕላን መካኒክ ነበርኩ። ባለ ሁለት ሞተር አንዲት አሮጌ አውሮፕላን ነበረችን። ስንቅ ይዛ ወደ ተራራው ትወጣለች፤ ቁስለኛ ይዛ ትወርዳለች።

ከሳምንት በፊት ጥይት በስቷት ነበር። ቀዳዳዋን ለጠፍን፤ ከአብራሪው ወንበር ሥርም ጥይት የሚከላከል ብረት አነጠፍን። ከዚያ ወዲህ አብራሪያችን ሻምበሉ ይማረር ጀመር፤ «ስትነሳ አፍንጫዋን ሽቅብ ትወረውርብኛለች» ይላል። አውሮፕላን ክብደቷ ከልክ በላይ ወደ ኋላ ከሄደ አብራሪው ሊመልሳት አይችልም፤ ትወድቃለች። ተራራው ላይ ደግሞ አየሩ ስስ፣ ማኮብኮቢያው አጭር ነው። በዚያን ዕለት ዘጠኝ ቁስለኞች እዚያ ይጠብቁን ነበር። ስንቱን ማንሳት እንደምትችል የምናውቀው መጀመሪያ የራሷን ክብደት ስናውቅ ብቻ ነው።

ነፋስ ሳይነሳ ጀመርን። ነዳጇን ቀዳን። ገመድ፣ ብርድ ልብስ፣ የመሣሪያ ሳጥን፣ ያገኘነውን ሁሉ አወረድን። ዙሪያዋን በሸራ ጋረድን። ሦስቱን ጎማዎች ሦስት ሚዛን ላይ አወጣን፤ በውሃ ልክ አስተካከልናት፤ ቱንቢ ጥለን ከጎማ እስከ ጎማ በሜትር ለካን። እኔ ሚዛኑን አነባለሁ፤ ሙላት ይጽፋል። ሙላት የፋርጣ ልጅ ነው፤ ከአውሮፕላኗ ጋር የሚበረው መካኒክ እሱ ነበር፤ ጓደኛዬ። እኔ ለግራም የምሞት ሰው ነኝ። ጎማዎቹ እንዳይንሸራተቱ ያደረግነውን ታኮ ክብደት ሳይቀር ስቀንስ አይቶ «አንተ ሰውዬ፣ ትንፋሻችንንም ልትቀንስ ነው?» ሲል ሁሉም ሳቀ።

ያቺ ሰዓት ትናፍቀኛለች። ሰው ጦርነት ይናፍቃል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ጦርነቱ አይደለም። ከሸራው ውስጥ ስድስት ሰው ድምፁን አጥፍቶ አንዲት የሚዛን መርፌ እስክትቆም ሲጠብቅ፣ ሙላት ደግሞ ከጎኔ ሳቁን አፍኖ ሲንፈቀፈቅ፣ እሱ ነው የሚናፍቀኝ።

ቁጥሩ ግን አላሳቀንም። ብረቱን የጨመርነው ከፊት በኩል ነው፤ የፊት ጎማው መክበድ ሲገባው ቀልሏል። ጠቅላላውም ከጠበቅነው በአርባ ኪሎ በልጧል። ደግመን መዘንን። ያው ነው።

«ጭራዋ ውስጥ የሆነ ነገር አለ» አልኩ።

ሙላት እርሳሱን አስቀመጠ። «የኔ ሥራ ነው» አለ።

ጭራዋ ውስጥ ገብቶ ሁለት ጆንያ እየጎተተ አወጣ። የሞቱ ጓዶቻችን ልብስ ነበር። ሸሚዝ፣ ጋቢ፣ ሹራብ፣ ጫማ፤ እያንዳንዱ ስም ተጽፎበት ለብቻው የታሰረ፣ የአሥራ አንድ ሰው ልብስ። በእኛ አገር ሰው ከቤቱ ርቆ ከሞተ እናቱ ልብሱን ዘርግታ ነው የምታለቅሰው። አስከሬኑ ባይመጣ ልብሱ ይመጣል። ድንኳናችን ሁለት ጊዜ ስለተቃጠለ ሙላት ከአውሮፕላኗ የተሻለ ማስቀመጫ አላገኘም። ጭራ ላይ ያለ አንድ ኪሎ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። «ጭነት መስሎ አልታየኝም» አለኝ ዓይኔን ሳያይ። ሻምበሉ ሊቆጣ ነበር፤ ስሞቹን አነበበና ተወው።

ጆንያዎቹን አውርደን እንደገና መዘንን። ልክ መጣ። ለተራራው አሰላሁ። ከዚያ ስትነሳ ከሙላት ሌላ ስምንት ቁስለኛ ትችላለች። ለዘጠነኛው ቦታ ወረቀቱ ላይ ፈለግሁ፤ አልነበረም።

«ቁስለኞቹን ደልድዬ አሳፍርና እዚያው እቀራለሁ» አለ ሙላት። «ዘጠነኛው በእኔ ቦታ ይምጣ። በሁለተኛው በረራ እመለሳለሁ።»

«ሌላ ሰው ይሂድ» አልኩት።

«ማን? አንተ? መሰላል ስትወጣ እንኳ የምታማትብ!» ሳቀብኝ። ከዚያ ወደ ጆንያዎቹ ጠቆመኝ። «እነሱን ጠብቅልኝ።»

ሦስት ሰዓት ላይ ተነሳች። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ዘጠኙንም ይዛ አረፈች። «አፍንጫዋን አላነሳችብኝም» አለ ሻምበሉ። ነዳጅ እየሞላን ሳለ ሬዲዮው ተናገረ። ማኮብኮቢያው በመድፍ እየተደበደበ ነው፤ አትምጡ። ጠበቅን። ሞተሯን ሁለት ጊዜ አስነሳን፤ ሁለት ጊዜ አጠፋን። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሬዲዮ አንድ ስም ነገሩን።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የአሥራ አንዱን ልብስ በየቤቱ አደረስኩ። የሙላትን የመጨረሻ አደረግሁት፤ ፈርቼ ነው። ከእሱ የቀረኝ የሥራ ቱታው ብቻ ነበር። ባጃጅ ስጠግን አርፍጄ፣ ከደብረ ታቦር በእግሬ ሄድኩ። እናቱ ቱታውን ተቀብለው መደብ ላይ ዘረጉት። ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ደግመው አሸተቱት።

«ይህስ የልጄ ጠረን አይደለም» አሉ።

እሳቸው የሚያውቁት ከእርሻ የሚመለሰውን ሙላትን ነው።

«እናቴ፣ የነዳጅ ሽታ ነው። ሁላችንም እንዲህ ነበር የምንሸተው» አልኳቸው።

እጄን ያዙና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ብዙ ቆዩ።

«እንዲህ ነበር?»

«እንዲህ ነበር፣ እናቴ።»

ያን ጊዜ ቱታውን አቅፈው ማልቀስ ጀመሩ።

ከክፍላችን አሥራ ሁለት ሰው ሞቷል። ዘጠኙ ቁስለኞች ሆስፒታል ደርሰዋል። ስሌቱን ብዙ ጊዜ ደግሜ ሠርቼዋለሁ፤ ልክ ነው። ልክ መሆኑ ናፍቆቴን አላቀለለልኝም። በየዓመቱ ሙት ዓመቱን እናስባለን፤ እናቱ ገና ከበር እጄን ይዘው ይቀበሉኛል። እሳቸው ዘንድ ስሄድ እጄን በሳሙና አልታጠብም።