የሚዛኑ ክብ አዳራሽ ሲጣራ

ረቡዕ ጠዋት

ከጅማ ወደ ሚዛን ተፈሪ የወረድኩት ለሥራ ነው። የድምፅ ባለሙያ ነኝ። ቅዳሜ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ዝግጅት ስላለ ቀድሜ ደርሼ አዳራሹን መፈተሽ ነበረብኝ። ቦንጋ ላይ ፍርፍር በላሁ። ከሺሺንዳ በኋላ ጉሙ መንገዱን ስለዋጠው ሾፌራችን እያንዳንዱን ኩርባ በጡሩምባ ነበር የሚያልፈው። ከዛፎቹ ሥር ያለው ቡና ብቅ ይልና ወዲያው ይጠፋል። ሚዛን ስንደርስ አንድ ኪሎ ሙዝ ገዝቼ በባጃጅ ወደ ግቢው ሄድኩ።

ከሰዓት

አዳራሹ ክብ ነው። ወንበሮቹ ዙሪያውን በእርከን እስከ ጣሪያው ሥር ይወጣሉ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ። ምረቃውም፣ ቅርጫት ኳሱም፣ ዘፈኑም እዚሁ ነው። ሰው ሲሞላው ይደምቃል አሉኝ። ባዶውን ግን ከገባሁ ጀምሮ አልወደድኩትም።

ዘበኛው ጋሽ ታደሰ፣ ሸምገል ያሉ የቤንች ሰው፣ በሩን ከፈቱልኝ። መሐል ቆሜ አጨበጨብኩ። ጭብጨባዬ ዙሪያውን ዞሮ ተመለሰ። ገና ሳይጠፋ የሴት ድምፅ ተከተለው።

«እናንተዬ!»

የመጣው ከምሥራቅ በኩል ካሉት ወንበሮች ነው። እዚያ ማንም የለም።

«ሰሙ ጋሽ ታደሰ?»

«ጠዋትም ሰምቻለሁ፤ ሲያንኳኳም ነበር። አትመልሺለት ልጄ። ሦስቴ ካልጠራ ሰው አይደለም። እኛ እንደዚያ ነው ያደግነው።»

ድምፁ ደገመ። ሦስተኛውን ጠበቅኩ። ያኔ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ የራሴንም ድምፅ አልሰማም ነበር።

ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ፍርሃቱ ሳይለቀኝ፣ ሙያዬ ትዝ አለኝ። ክብ ግድግዳ ድምፅን ይዞ ይዞራል፤ ከምሥራቅ የመጣ የሚመስለው ከምዕራብ ሊሆን ይችላል። ወደ ምዕራብ ሮጥኩ። ከወንበሮቹ ሥር ከውጭ የተቆለፈ የብረት በር አገኘሁ።

«ማን ቆለፈው?»

«እኔ ነኛ። ጠዋት ክፍት አግኝቼው...» አሉና ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው በሩን ከፈቱ።

ውስጥ የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ባዩሽ መጥረጊያዎቹ መሐል ተቀምጣለች። መጥረጊያ ልታወጣ ገብታ ነው የተቆለፈባት፤ ስልኳ ውጭ ቻርጅ ላይ ቀርቷል። ጋሽ ታደሰ «ይቅር በይኝ ልጄ» እያሉ ጉልበቷን ያዙ። እሷ ግን የምታየው እኔን ነበር።

«ጭብጨባ ስሰማ ሰው መጣ ብዬ ተጣራሁ» አለች በተዘጋ ድምፅ። «ዝም ስትሉኝ፣ የሞትኩት እኔ መሰለኝ።»

ጃኬቴን አለበስኳት።

ቅዳሜ

በዝግጅቱ ጊዜ አንድም በር እንዳይቆለፍ ጠይቄ ኃላፊዎቹ እሺ አሉኝ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ እውነትም ይደምቃል። ባዩሽም መጥታ ነበር። የቆመችው ደጃፉ ላይ ነው፤ አንድ እግሯን ውጭ አድርጋ።

እሑድ

ጅማ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ የአዳራሹ ድምፅ እንዴት እንደነበር ጠየቀኝ። አንድ ሰው አንዱ ጥግ ቢጣራ ሌላው ጥግ ድረስ ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ነገርኩት። ችግሩ አዳራሹ አልነበረም። እኔ ሁለቴ ሰምቼ፣ ሦስተኛውን ስጠብቅ ቆሜ ነበር።