እናቴ ሸክላ የተኮሰችበት ምሽት

በልጅነቴ የእናቴ ኪስ ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር። ዛጎል፣ የወፍ ላባ፣ ውሃ ያለሰለሰው ድንጋይ፣ ስሙን የማናውቀው ዛፍ ፍሬ፣ የማይገኝበት ምን ነገር ነበር! ዓርብ ዓርብ ልብስ ሲታጠብ ማሽኑ ውስጥ ድንጋይ ይንኳኳል፤ አባቴም «ይሄን ማሽን አንድ ቀን ትገድይዋለሽ» እያለ ይነጫነጫል። የምንኖረው እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ አሌፍ በሚባለው ሰፈር፣ ቀለሙን የባሕር ጨው ከበላው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከመስኮታችን የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ። ንፋሱ ከባሕር ሲመጣ አንሶላችን ሳይቀር ባሕር ባሕር ይሸታል።

እናቴ እዚያው ሰፈር ጋን ውስጥ፣ ማለት በመዋዕለ ሕፃናት፣ ረዳት ነበረች። እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ እሷ እሄድና ሥራዋን እስክትጨርስ ከሕፃናቱ ጋር እቀመጣለሁ። አንድ ቀን አንድ ትንሽ ልጅ እናቱ ዘግይታበት ምርር ብሎ ያለቅስ ጀመር። እናቴ አጠገቡ ቁጭ አለችና ልጆቹ የሚጫወቱበትን እንደ ሊጥ የሚለሰልስ ፕላስቲሊን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ፣ ወሬ እያወራችለት፣ እጇን እንኳ ሳታይ አህያ ሠራች። ጆሮው የቆመ፣ ጀርባው ላይ ጭነት ያለው፣ አንድ እግሩን ያሳረፈ አህያ። ልጁ ለቅሶውን አቆመ። ሌሎቹም ጠረጴዛውን ከበቡት። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ እናቴ እንዲህ ያለ ነገር እንደምትችል ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

«እማዬ፣ የት ተማርሽው?» አልኳት ወደ ቤት ስንሄድ።

«ከእናቴ» አለች። ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ «ለአባትሽ አታንሺበት» አለችኝ።

ምክንያቱን ያወቅሁት ቀስ በቀስ ነው። እናቴና አባቴ የጎንደር ገጠር ሰዎች ናቸው። የሁለቱም እናቶች ሸክላ ሠሪ ነበሩ። እናቴ ከልጅነቷ ጀምራ አፈር ስትቆፍር፣ ስትረግጥ፣ ስታለሰልስ ነው ያደገችው። ገበያ ላይ ግን ማሰሮውን የሚገዛት ሰው ዓይኗን አያያትም፤ ዞር ሲል «ቡዳ» ይላታል። ልጁን ከእሷ ጥላ የሚያሸሽ ሰው ነበር። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነው ወደ እስራኤል ሲመጡ ሁለቱም ያን ስም እዚያው ጥለነው መጣን ብለው ነበር። ሸክላውንም አብረው ጣሉት።

ታዲያ ሦስተኛ ክፍል በነበርኩበት ክረምት፣ ለቀናት የዘነበው ዝናብ ባባራ ማግሥት፣ እናቴና እኔ በላኪሽ ወንዝ ዳር ወደ ባሕሩ እየሄድን ሳለ ቡቴ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ያን ጊዜ ወንዙ ዳር ዛሬ ያለው ሣርም መንገድም የለም፤ ሸምበቆና ጭቃ ነው። እናቴ ቡቴን ጎትታ ስታወጣው እጇ እስከ ክንዷ ጭቃ ሆነ። አትታጠብም። ቆማ በጣቶቿ መሃል ታሸዋለች። አድበለበለችው፣ አሸተተችው፣ እንደ ገመድ አርጋ ጎትታ ጣቷ ላይ ጠመዘዘችው። አልተሰነጠቀም።

«ይሄ ደህና አፈር ነው» አለች። ድምጿ ተለወጠብኝ፤ የማላውቃት ሴት ናት የተናገረችው። የሱፐርማርኬት ፌስታላችንን ሞልታ፣ ልጅ እንዳቀፈ ሰው አቅፋው ቤት ገባን።

ከዚያ በኋላ በረንዳችን ሌላ ቤት ሆነ። እናቴ ከሕፃናቱ ጋን ትመለሳለች፣ ምሳችንን ታበላናለች፣ ሻሿን አጥብቃ ታስርና በረንዳ ላይ በርከክ ትላለች። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቿ ሲደርቁ ተሰነጣጠቁ። የዚህ አገር አፈር ጠባዩ ሌላ ነው አለች። አንደኛ ፎቅ የምትኖረው ሞሮኳዊቷ ጎረቤታችን ማዳም ሱዛን የተሰበረ የአበባ ማሰሮ ልትጥል ስትወርድ እናቴ ለምና ወሰደችው፣ ገሉን በድንጋይ ፈጭታ ከጭቃው ጋር አዋሐደችው። ከዚያ በኋላ መሰንጠቁ ቆመ። ስታለሰልሰው ደግሞ ከባሕር ዳር ባመጣችው ዛጎል ጀርባ ታሸዋለች፤ ጭቃው እንደ ቆዳ ያበራል። እስከ ዛሬ እርጥብ ጭቃ ከሸተተኝ የእናቴ ጉልበት አጠገብ ቁጭ ያልኩ ይመስለኛል።

ማሰሮ አልሠራችም። የምትሠራው ያየችውን ነበር። አሸዋ ላይ ወደ ጎን የሚሮጠውን ሸርጣን፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ከረጢት ታቅፋ ያንቀላፋችውን ሴት፣ አጥር ላይ የተጋደመውን ድመት። ከሁሉ በላይ ግን ልቧን የወሰደችው ሳቢሳ ናት፤ ወንዙ ውስጥ በቀጭን እግሯ ቆማ ዓሣ የምትጠብቅ ነጭ ወፍ። የቆመች አድርጋ ልትሠራት ትሞክራለች፣ የጭቃው እግር ገላዋን አይሸከምም፣ ዘጭ ትላለች። ውስጡ ሽቦ አድርጊበት አልኳት። «ሽቦ እሳት ውስጥ ጠባዩ ሌላ ነው፣ ጭቃውን ይፈነክተዋል» አለችኝ። ስንት ጊዜ ሠርታ ስንት ጊዜ እንዳፈረሰቻት አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት ከባሕሩ ኃይለኛ ንፋስ ተነሣ። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሮጣል፣ እናቴ ግን እጄን ይዛ ወደ ወንዙ። ሳቢሳዋ እዚያው ነበረች። ግን አልቆመችም፤ አንገቷን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ፣ እግሯን ከሥሯ አጥፋ፣ ፊቷን ለንፋሱ ሰጥታ ዝቅ ብላለች። የጀርባዋ ላባ ብቻ ይነሣል ይተኛል። ዝናቡ ጀመረ። ብርድ ብርድ አለኝና «እማዬ እንሂድ» አልኳት። አልሰማችኝም። ቆይታ ቆይታ ጎንበስ አለችና፣ «አየሻት? እግሯን ነበር የምፈልገው። ለካ ወፏ ያለችው ትከሻዋ ላይ ነው» አለችኝ። ፊቷ በዝናብ ርሷል፣ ግን እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

በዚያ ሳምንት የሠራቻት ወፍ ከእጇ መዳፍ ትንሽ ትበልጣለች። እግር የላትም፤ መሬቱን ይዛ ንፋስ የምትቋቋም ነገር ናት። ሳያት እኔም ትከሻዬን መሰብሰብ አማረኝ።

አባቴ ይህን ሁሉ ሳያይ ቀርቶ አይደለም። ከከተማው ውጭ ባለ ሞሻቭ፣ ማለት የገበሬዎች መንደር፣ ላም በሚታለብበት ሬፌት ውስጥ ይሠራል፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ደክሞት ይመለሳል። ለብዙ ቀን በረንዳውን እንዳላየ ያልፍ ነበር። አንድ ምሽት ግን ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ያልጋነሽ፣ ያን ስም እዚህ ድረስ ተሸክመን ልናመጣው ነው?»

«እዚህ ማን ያውቀዋል?»

«የአገራችን ሰው ያውቀዋል። ልጄን የሸክላ ሠሪ ልጅ ብለው ሲጠሯት መስማት አልፈልግም። እኔ ሰምቼዋለሁ፣ ይበቃል።»

እናቴም፣ «እኔም ሰምቼዋለሁ። እጄ ግን ይፈልገዋል፣ ምን ላድርገው?» አለች። አባቴ ከገበታው ተነሥቶ እጁን ታጠበ።

ሌላው ችግር እሳት ነበር። ያልተተኮሰ ሸክላ ውሃ ሲነካው ተመልሶ ጭቃ ነው። ወፏና ጓደኞቿ አልጋ ሥር በጨርቅ ተጠቅልለው ተቀመጡ። እናቴ ግቢው ውስጥ እሳት ላንድድ ብላ የሕንፃው ኮሚቴ የነበረችውን ማዳም ሱዛንን ብትጠይቃት፣ «ያልጋ፣ አበድሽ እንዴ? የሰው ሁሉ ልብስ ጭስ ጭስ ሊሸት!» ብላ በሳቅ መለሰቻት። እንዲህ እያልን ፋሲካ አለፈ።

መላው የመጣው ከእኔ ነው፤ ዛሬም እኮራበታለሁ። የዚያ ዘመን የአሽዶድ ልጅ የሆነ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ከፋሲካ በኋላ ሥራችን እንጨት መልቀም ነበር። ለላግ ባኦሜር፣ አገሩ በሙሉ እሳት ለሚያነድበት ምሽት፣ የተጣለ በር፣ የአትክልት ሳጥን፣ የተሰበረ ቁም ሣጥን በሱፐር ጋሪ ጭነን እየገፋን ከሕንፃው ጀርባ አሸዋው ላይ እንከምራለን። የሌላ ሰፈር ልጆች እንዳይሰርቁን ዘብ እንቆማለን። አንድ ቀን ጋሪ እየገፋሁ ሳለ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። ሮጬ ፎቅ ወጣሁ።

«እማዬ! ላግ ባኦሜር ጊዜ እኮ ጭስ ብሎ የሚቆጣ ሰው የለም!»

እናቴ ጭቃ በነካው እጇ ፊቴን ይዛ ሳመችኝ።

ምሽቱ ሲደርስ ፀሐይዋ ባሕሩ ውስጥ እንደገባች በየሰፈሩ እሳት ተለኮሰ። እኛም ለኮስን። ማዳም ሱዛን ወንበር ይዛ ወርዳለች፣ ልጆች ድንች በፎይል ጠቅልለው ፍሙ ውስጥ ይከታሉ። እናቴ ሸክላዎቿን በትሪ ይዛ ከእሳቱ ራቅ ብላ ቆማለች፣ ቀስ እያለች ወደ ሙቀቱ ታስጠጋቸዋለች። ነበልባሉን በጥርጣሬ ነው የምታየው። «ይሄ የቁም ሣጥን እሳት ነው፣ ይቸኩላል» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሸክላው ቀስ ብሎ የሚነድ ነገር ከላይ ካልለበሰ ሁሉም ይፈነዳል።» ሌላ የምታለብሰው ነገር ግን አልነበራትም። ሳሻ የሚባለው የእሳታችን አለቃ «ፍሙ ሊያልቅ ነው፣ ትከቺ እንደሆነ ክተቺ» ይላታል። እናቴ ቁጭ ብላ ወፏን ጭኗ ላይ አድርጋ በጨርቅ መጠቅለል ጀመረች። ልትመልሳት እንደሆነ ገባኝ፤ ለቅሶዬን ያዝኩት።

በዚህ መሃል አባቴ ከሕንፃው ጥግ ብቅ አለ። የሥራ ልብሱን አልለወጠም። ትከሻው ላይ ጆንያ ተሸክሟል። እናቴ እግር ሥር ዘረገፈው። ኩበት ነው። ክብ ክብ ሆኖ የተጠፈጠፈ፣ እንደ እንጨት የደረቀ የላም ኩበት።

እናቴ አንዱን አንሥታ በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ኩበት በአንድ ቀንና በሁለት ቀን እንዲህ አይደርቅም። አባቴ ሬፌቱ ጀርባ ጠፍጥፎ፣ እያገላበጠ ፀሐይ ካስመታው ሰንብቷል ማለት ነው፤ በረንዳውን እንዳላየ በሚያልፍባቸው ቀናት ሁሉ።

«መቼ ነው...» ብላ ጀመረች።

«እናቴ ያለዚህ ተኩሳ አታውቅም» አለ አባቴ፣ ዓይኑን ከእሳቱ ሳያነሣ። «በይ ተነሽ፣ ፍሙ ሳይበርድ።»

ሁለቱም በርከክ አሉ። እሱ ፍሙን በእንጨት ይበትናል፣ እሷ ትደረድራለች፣ ገል ከላይ ታደርጋለች፣ እሱ ኩበቱን እየደራረበ ያለብሳል። ሳይነጋገሩ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እየጠበቀ። ሁለቱም በልጅነታቸው በየእናታቸው አጠገብ የሠሩት ሥራ ነበር። እንዲህ ጎን ለጎን ሆነው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ትምህርት የለም። ልጁ ሁሉ ጥርሱን ሳይፍቅ አሸዋው ላይ ተሰብስቧል። እናቴ አመዱን በእንጨት ገለጥ ገለጥ አደረገች። ሸርጣኑ አንድ ክንዱን አጥቷል። ያንቀላፋችው ሴት ለሁለት ተከፍላለች፤ እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ወፏ ወጣች። አንድ ጎኗ ቀይ፣ ለንፋሱ የሰጠችው ጎኗ ደግሞ በጭስ የጠቆረ፤ ሙሉ ናት። እናቴ በጥፍሯ መታ አደረገቻት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠች። ሳሻ በዕብራይስጥ ዋው አለ፣ ልጆቹ ሊነኳት ተጋፉ።

ማዳም ሱዛን በሌሊት ልብሷ ወርዳ ወፏን ተቀበለቻት፣ ብርሃኑ ላይ አዙራ አዙራ አየቻትና፣ «ይሄን እውነት አንቺ ነሽ የሠራሽው?» ብላ እናቴን ጠየቀች። የአገራችን ሰዎችም ወደ ምኩራብ ሲያልፉ ቆመው ያያሉ፤ እናቴ መሬት መሬት ታያለች። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ። መጀመሪያ በዕብራይስጥ፣ ቀጥሎ የቆሙት ሁሉ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ በአማርኛ፣

«ሚስቴ ናት የሠራችው። ሸክላ ሠሪ ናት» አለ።

እናቴ ቀና አለች።

ዛሬ የላኪሽ ዳር ሣርና የእግር መንገድ ሆኗል፤ ልጆች ብስክሌት ይነዱበታል፣ ቡት የሚይዝ ጭቃ በቀላሉ አይገኝም። የላግ ባኦሜር እሳትም እንደ ድሮው በየጓሮው አይነድም። እናቴ በሰፈሩ ማትናስ፣ ማለት በማኅበረሰቡ ማዕከል፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና የራሷ ጠረጴዛ አላት። ከሞሮኮም ከሩሲያም የመጡ ሴቶች ከእኛዎቹ ጋር ተቀምጠው ከእሷ ይማራሉ። ጭቃው በፕላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ ይመጣል፤ ሽታ የለውም ብላ ታማዋለች። አባቴ ምድጃው በማብሪያ ቁልፍ መለኮሱ አይዋጥለትም፤ «ይሄ ደግሞ እሳት ነው?» ይላል፣ ግን በየሳምንቱ መጥቶ ይከፍትላታል። እኔ የምኖረው አዲሱ ሰፈር ሮቫ ዩድ ዛይን ነው፤ ልጄ እንጨት በጋሪ መግፋት ምን እንደሆነ አታውቅም። አንዳንዴ ያ ይቆጨኛል። ልጄ ግን ሸክላ ሠሪ የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ እንደነበርም አታውቅም፤ ይሄኛው አይቆጨኝም።

ባለፈው በጋ እናቴ፣ ልጄና እኔ ሦስታችን ባሕር ዳር ሄድን። ሜዱዛ የመጣበት ሰሞን ነበር፤ ያቺ ስትነካ እንደ ሳማ የምታቃጥለው፣ ውስጧ የሚታይ፣ ልል የባሕር ፍጥረት። ሰው ሁሉ ከውሃው ይሸሻል። እናቴ ማዕበሉ አሸዋ ላይ ትቷት የሄደች አንዲት ሜዱዛ አጠገብ ተንበርክካለች፤ ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ ትላለች፣ ወደ ግራ ትላለች።

«አያቴ፣ ሜዱዛ እኮ ከጭቃ አትሠራም» አለቻት ልጄ። «ውሃ እኮ ናት።»

እናቴ ቀና ብላ አላየቻትም። ፀሐይዋ እየጠለቀች ስለነበር ተነሽ እንሂድ አልኳት።

«እናንተ ቅደሙ» አለችን። «እኔ ገና አላየኋትም።»