ልቧ የተቀየረባት ኢምፓላ

የማስተምርበት ክፍል ጠረጴዛ ላይ አንድ የቀይ መብራት ስባሪ አለ። ወረቀት እንዳይበርብኝ እጭንበታለሁ። ልጆቹ ሲሰለቻቸው ያነሱትና ወደ መስኮቱ አዙረው ያዩበታል፤ ያኔ ግቢው፣ ዛፉ፣ ዳይሬክተሩም ሳይቀሩ ቀይ ይሆናሉ። «ቲቸር፣ ከየት አመጣሽው?» ይሉኛል። «ከመኪና» እላቸውና ወደ ትምህርቱ እመለሳለሁ። ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ፤ ስለ ክፍልፋይ ከጠየቁኝ ደወል እስኪደወል አልለቃቸውም። ይህን ግን እስከ ዛሬ ለማንም በወጉ አላስረዳሁም።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ደቡብ አፍሪካ፣ ጻካኔ ውስጥ፣ ጎጎ ኖምሳ ግቢ ነበር። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው። ከፊት ያለው ቤት የእሳቸው ነው፤ እኛ ከጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይተናል፤ ጋራዣቸው ደግሞ የአባባ ሱቅ ነው። ሎኬሽን በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ ሱቅ ጀርባ ያደገ ሰው ያውቀዋል፦ ፍርግርጉ ብረት፣ እጅ ብቻ የምታሳልፈው ቀዳዳ፣ የበቆሎ ዱቄትና የልብስ ሳሙና አንድ ላይ የሚሸቱት ሽታ፣ ከጎረቤት ዘይት ውስጥ ጉብ ጉብ እያለ የሚወጣው ማግዊንያ የሚሉት የሊጥ ጥብስ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ናቲ ዳቦውን በስኳር ሻይ እየነከርን የምንበላው ግን ሱቁ ውስጥ አልነበረም። ኢምፓላዋ ውስጥ ነበር።

ኢምፓላዋ የጎጎ ኖምሳ ሟች ባል መኪና ነበረች። በጥንት ጊዜ፣ ሚኒባስ ታክሲ ሳይበዛ፣ ሰውየው ሰው ያመላልሱባት ነበር። አሜሪካኖች መኪና ሲሠሩ ቦታ አይሰስቱም ነበር፤ የፊት ወንበሯ እንደ ሶፋ አንድ ወጥ ነው፣ ከኋላዋ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ክብ ቀይ መብራት አላት። ጎጎ ለአባባ ሲሸጡለት አንድ ቃል አስገብተውታል፤ እንደነበረች እንዲይዛት። አባባ ሆሳዕና ተወልዶ ያደገ፣ ቃል ከሰጠ የሚጨነቅ ሰው ነው። ወንበሩን ሳይነቅል፣ ስኳሩንና ዱቄቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ ተሳፋሪ እያስቀመጠ ይጭንባት ነበር።

ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ ጌቱ፣ ክሊፕታውን በሚባል ሰፈር ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ነው። እሁድ እሁድ እየመጣ ኮፈኑን ይከፍትና ራሱን ይነቀንቃል።

«ይቺ እኮ ቤንዚን አትጠጣም፣ ትታጠብበታለች! አንድ የጃፓን ሞተር ልግጠምላት። ፊቷን አልነካም፣ ልቧን ብቻ።»

«ልቧ ከተቀየረ እሷ መሆኗን በምን አውቃለሁ?» ይላል አባባ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

«ሰይጣኑ መንገድ ላይ ትቶህ ሲቆምስ?»

እናቴ በመሀል ትገባለች፤ «እናንተ ከመኪናው ውጭ ወሬ የላችሁም? ለእኔ አንድ ጊዜ እንኳ ‹ልቧ ምን ሆነ› ብላችሁ አታውቁም» ትልና ሁሉም ይስቃል።

አሁን ስለ በሩ ላስረዳ፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነውና። የግቢያችን በር ቆርቆሮ ነው፣ ከውስጥ በጓጉንቸር ይቆለፋል። አባባ ከጅምላ መደብር ዕቃ ጭኖ ሲመጣ ክላክስ አይነፋም። ክላክስ ማለት ለሰፈሩ ሁሉ «ዕቃ ገባ» ብሎ መለፈፍ ነው፤ ዕቃ የገባበት ሱቅ ደግሞ ሌባ ይጎበኘዋል። የእኛ ምልክት የሞተሩ ድምፅ ነበር። ኢምፓላዋ ከማዕዘኑ ስትታጠፍ፣ ሩቅ እንዳለ ወፍጮ ዱም ዱም ትላለች። ያን ስሰማ ቁልፉን ይዤ እሮጣለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ፣ መኪናዋ ሳትቆም ትገባለች፣ እዘጋለሁ። በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር። ከሌላ መኪና ጋር አምታትቼው አላውቅም።

ከዚያ በሽታው መጣ። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ሁሉ የየራሳችሁ አላችሁ፦ የሳኒታይዘር ሽታ፣ በአንድ ስልክ የምንጋፋበት ትምህርት፣ በአፍ መሸፈኛ ጨርቅ ውስጥ የራስን ትንፋሽ ማሽተት። የእኛ ፍርሃት ግን ሁለት ነበር። ሥራ የጠፋበት፣ የራበው ሰው በዛ፤ ከወረርሽኙ በፊት «ማይ ፍሬንድ» እያሉ የሚቀልዱ ደንበኞች ዓይናቸውን ከእኛ ማራቅ ጀመሩ። የየሰፈሩ የሐበሻ ሱቅ እየተሰበረ መዘረፉን በስልክ እንሰማለን። ናቲ ሳይቀር ሲጫወት «ሱቅ ዝጋ፣ መጡ!» የሚል ጨዋታ ፈጠረ። እናቴ በጥፊ መታችው፣ ወዲያው አቅፋው አለቀሰች።

በዚያ ክረምት ኢምፓላዋ ማርሿ ተበላሸና አባባ ክሊፕታውን አደረሳት። አጎቴ ማርሹን ብቻ ሊጠግን ነበር የተስማሙት። ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ አንድ ቀን ጠዋት አባባ በታክሲ ሄደ፤ መኪናዋን ሊያመጣ፣ በዚያውም ዕቃ ሊገዛ።

ቀትር ላይ የእናቴ ስልክ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። የአንድ የማላውቀው ወገን ድምፅ ነበር፤ እየሮጠ የሚያወራ ይመስላል፦ «ወገኖች፣ ሱቅ ዝጉ! እንደ አንበሳ የሚያገሳ መኪና ልጆች ጭኖ የሐበሻ ሱቅ እያጠና እየዞረ ነው። ለማንም በር እንዳትከፍቱ!» እናቴ አባባ ጋ ደወለች፤ አልተነሳም። እንደገና ልትደውል ስትል መብራት ሄደ፤ ሎድ ሼዲንግ የሚሉት፣ በየሰፈሩ በተራ የሚደረገው ማጥፋት ነው። መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም አብሮ ይሞት ነበር። ሱቁን ዘጋን። ከባንኮኒው ሥር ተቀመጥን። ፍሪጁ ዝም ሲል ቤቱ ምን ያህል ጸጥ እንደሚል ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ዱም ዱም የሚለውን እጠብቅ ነበር። ጆሮዬ እስኪያመኝ ጠበቅሁ።

የመጣው ግን ሌላ ነው። ከማዕዘኑ አንድ መኪና እያገሳ ታጠፈ። ፍሪጁ ላይ የተደረደሩት ጠርሙሶች ተንቀጫቀጩ። ቀረበ፣ ቀረበ፣ በራችን ላይ ቆመ። ሞተሩ አልጠፋም። ከዚያ በሩ በጡጫ ይደበደብ ጀመር። ሰው የሚጮህ ይመስላል፤ ግን ጩኸቱ ከግሳቱ ሥር ተቀብሮ ቃሉ አይለይም። እናቴ የናቲን አፍ በመዳፏ ከደነች። ቁልፉ በሌላው እጇ ነበር፤ አጥብቃ ስለያዘችው ጣቶቿ ነጥተዋል።

«እማ፣ አባባ ቢመጣስ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ዝም! አባትሽ እንደዚህ አይመጣም።»

ከመንገዱ ማዶ የብዙ ሰው እግርና ፉጨት መሰማት ጀመረ። የበሩ ድብደባ ፈጠነ። ያኔ ክላክስ ተነፋ።

የኢምፓላ ክላክስ ባለ ሁለት ድምፅ ነው፣ አንድ ቀጭን፣ አንድ ወፍራም። የእኛዋ ወፍራሙ ጉንፋን የያዘው ነበር፤ መሀል ላይ ይሰነጠቃል። አባባ ስለማይነፋው ድምፁን የሰማሁት ናቲ ሲጫወት ሳያስበው የተጫነው ጊዜ ብቻ ነው። ግን ያ ድምፅ ከዚያ ግሳት ጋር እንዴት አንድ ላይ ይሆናል? አእምሮዬ ሁለቱን ማገናኘት አቃተው።

በዚህ መሀል ጎጎ ኖምሳ ከፊት ቤት በነጠላ ጫማ ወጡና መስኮታችንን በሁለት እጃቸው ይደበድቡ ጀመር። በዙሉ ይጮሃሉ፦

«ማማ ናቲ! ክፈቺ! ባሌ መጣ! ባሌ ነው!»

«አበዱ» አለች እናቴ። «ፍርሃቱ አሳበዳቸው።»

«አላበድኩም! ክላክሱ የእሱ ነው! ዕድሜዬን ሙሉ ወጥ እያማሰልኩ የሰማሁት ነው! ክፈቺ እንጂ!»

እናቴ አየችኝ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። ግቢውን እንዴት እንዳቋረጥኩ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ጓጉንቸሩ ቀዝቃዛ እንደነበርና ቁልፉ መጀመሪያ ተገልብጦ አልገባ እንዳለኝ ነው። በሩን ስከፍት አጎቴ ጌቱ ሊወድቅብኝ ደረሰ፤ ጡጫው ደምቷል። ኢምፓላዋ እያገሳች ገባች። ከኋላዋ የተወረወረ ድንጋይ ከስድስቱ ቀይ መብራቶች አንዱን አደቀቀው።

ጎጎ ኖምሳ ግን ከበሩ አልሸሹም። መሀል ቆመው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ከፊት ያለውን ወጣት በጣታቸው ጠሩት።

«አንተ! አፍህን በጨርቅ ብትሸፍን የማላውቅህ መሰለህ? አፍንጫህን የጠረግኩልህ እኔ አይደለሁም? ና፣ እኔንም ውገረኝ!»

ልጁ ቆመ። የያዘውን ድንጋይ እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ ወደ እጅ አገላበጠው፣ ከዚያ ጣለው። ሌሎቹ ተሳድበው ወደሚቀጥለው መንገድ አለፉ። እዚያ ያለው የወገናችን ሱቅ በዚያ ቀን መደርደሪያው ሳይቀር ተወሰደ።

በሩ ከተቆለፈ በኋላ አባባ ከመሪው ላይ እጁን ማንሳት አልቻለም ነበር። እናቴ ወደ አጎቴ ዞረች።

«ይሄ ድምፅ ምንድን ነው? ምን አደረግካት?»

«ሞተሩን... ድንገተኛ ደስታ እንዲሆን ብዬ... ድምፁን የሚያፍነው ማርሚታ ገና አልተገጠመም። ስልኩም አልሠራ አለን። ባትሪዋ ደካማ ስለሆነች ማጥፋትም ፈራን» አለ አጎቴ። ከዚያ ትንሽ ልብ አገኘ፤ «ሮቦቱ ላይ፣ የትራፊክ መብራቱ ጋ ሲከቡን ግን አሮጌው ሞተር ቢሆን ኖሮ እዚያው ነበርን። አፈትልካ ነው የወጣችው!»

«አፈትልካችሁ የት መጣችሁ? የራሳችሁ በር ላይ ልትሞቱ! እኔው ነበርኩ የምገድላችሁ፣ ቁልፉን ይዤ!»

አባባ አጎቴን አልተቆጣውም። በቀስታ፣ ለማንም እንደማይናገር ሆኖ እንዲህ አለ፦ «እኔ እነሱን አልፈራሁም። ቤቱ ዝም ሲለኝ ነው የፈራሁት።»

ጎጎ ኖምሳ በተከፈተው ኮፈን ውስጥ አጎንብሰው፣ በሰፊው ቦታ መሀል የተቀመጠውን ትንሽ ሞተር ረጅም ጊዜ አዩት። ስለ ቃሉ አንድም ነገር አላነሱም። «እስቲ እንደገና ንፋው» አሉት አባባን። ነፋው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

እነሆ፣ አደግሁ። አሮጌው ሞተር ተሽጦ ስለነበር አልተመለሰም፤ አዲሱ ጥሩ ማርሚታ ተገጥሞለት ዛሬ ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል። የተሰበረው መብራት በሌላ ተተካ፣ ስባሪውን እኔ ወሰድኩ። ሁሉን ነገር መቀየር የሚወደው አጎቴ ጌቱ ክላክሱን ብቻ ማንም እንዲነካው አይፈቅድም፤ ጉንፋኑን እንኳ አላከመውም። እኔም ሙሉ በሙሉ አልዳንኩም። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ በትምህርት ቤቱ በር የሚያገሳ መኪና ሲያልፍ ጠመኔዬ ይቆማል። «ቲቸር፣ ጎልፍ ናት እኮ!» ብለው ልጆቹ ይስቁብኛል። የእነሱ ሳቅ ደስ ይለኛል፤ ለእነሱ መኪና መኪና ብቻ ነው።

ጎጎ ኖምሳ ባለፈው ክረምት አረፉ። አባባ መብራቱ ከተሰበረበት ቀን ጀምሮ ከማዕዘኑ ሲታጠፍ ለእሳቸው ብሎ ክላክሱን አንድ ጊዜ ይነካ ነበር፤ አሁንም አልተወውም። የዚያው ግቢያችን በር ዛሬ ኤሌክትሪክ ነው፤ መክፈቻው ኪሱ ውስጥ አለ፣ ጣቱን ቢጫን ይበቃዋል። አይጫንም። በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እኔም የማርመውን ደብተር ትቼ፣ ተማሪዎቼ ቢያዩ በሚስቁባቸው ነጠላ ጫማዎች፣ ግቢውን እየሮጥኩ አቋርጥና በሩን በእጄ እገፋለሁ።